ዶሮና ግመል በሊማሊሞ ዳገት

እስከ ዛሬ ድረስ ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር ከባድ መኪና ከሰማሁ ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም። እግሬ ቀድሞኝ ይነሣል፤ እጄም ጄሪካን ፍለጋ ግድግዳውን ይዳብሳል። የልጅ ልጆቼ ይሥቁብኛል። «እማማ፣ መኪናው እኮ አለፈ፤ ይቀመጡ» ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ እነሣለሁ።

ድሮም መቀመጥ አይሆንልኝም። ዳባት ተወልጄ ደባርቅ ተዳርኩ፤ ባሌ በጊዜ ሲሞትብኝ መቀነቴን አጥብቄ መንገድ ገባሁ። ከዳባት ነጭ ሽንኩርት ይዤ ቆላ እወርዳለሁ፣ ከቆላ በርበሬ ይዤ ደጋ እወጣለሁ። አንድ ቦታ ከሰነበትኩ ራሴን ያመኛል። ፊደል የቆጠርኩትም እንዲሁ እየዞርኩ ነው፤ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ጥቂት እማርና ገበያ ሲደርስ እጠፋ ነበር። ጽሑፌም እንደ እግሬ ቢቅበዘበዝ አትፍረዱብኝ።

የምነግራችሁ ወንድሜና አበልጁ ሊማሊሞን እየተሽቀዳደሙ ስለወጡበት ቀን ነው።

ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ቀይ ናት፤ ቀለሟ ግን ከቀይነት ወደ ዝገትነት ካለፈ ቆይቷል። በደባርቅ ሌላም አንድ ሹፌር ነበረ፣ ባለ አረንጓዴው። ከወንድሜ ጋር አብረው ያደጉ፣ መኪና መንዳትም አብረው የለመዱ ናቸው። በኋላ ወንድሜ ወንድ ልጅ ሲወልድ ባለ አረንጓዴው ክርስትና አነሣለትና አበልጅ ሆኑ። አበልጅ ማለት በእኛ አገር ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም። የተጣሉ ወንድማማቾች አይቻለሁ፤ የተጣሉ አበልጆች ግን ሰው ዘወር ብሎ ነው የሚያልፋቸው።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ከባድ መኪኖች ሁሉ በቀጣና ተደራጅተዋል። የት እንደሚጭኑ፣ የት እንደሚያራግፉ የሚያዘው የቀጣናው ተጠሪ ነው። አንድ ቀን ተጠሪው ሁለቱን ጠርቶ፣ «ከደባርቅ አንድ መኪና ከነሹፌሩ ለሰሜን ጦር ታዟል» አላቸው። «ማን እንደሚሄድ እናንተው ተስማሙ። ካልተስማማችሁ እኔ እመርጣለሁ፤ የኔ ምርጫ ደግሞ ደስ አይላችሁም።»

ወደዚያ የሄደ መኪና አልተመለሰም ነበር። ሹፌርም እንዲሁ። የወንድሜ ረዳት እንኳ በቅርቡ ለውትድርና ተይዞ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። እናታችን ዳባት ሆና ወሬውን ስትሰማ እህል መቅመስ አቆመች። የአበልጁ ሚስት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

ያን ዕለት ማታ ሁለቱ ጠላ ቤት ተቀመጡ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ሽማግሌ፣ «ዕጣ ጣሉና ተገላገሉ» አሏቸው።

ወንድሜ ጣሳውን አስቀመጠ። «ዕጣ ለቅርጫ ሥጋ ነው፣ አባባ። እኔ የጉበትና የጨጓራ መደብ ነኝ?»

«አንተስ ጨጓራ ነህ» አለ አበልጁ። «ታዲያ በምን ይሁን?»

«በዳገቱ።»

«እንዴት በዳገቱ?»

«ሁለታችንም ማሽላ ለመጫን ቆላ መውረዳችን አይቀርም። እኩል እንጭናለን። ዳገቱ ሥር ካለው ወንዝ እኩል እንነሣለን። ደባርቅ ኬላው ገመድ ፊት ቀድሞ የደረሰ ይቀራል። የዘገየ ይሄዳል።»

አበልጁ ጠላውን ጨለጠና አፉን ጠረገ። «ልጅህን ክርስትና ያነሣሁ ዕለት እንዲህ እንደምትፎካከረኝ ባውቅ ኖሮ እዚያው የጥምቀቱ ውሃ ውስጥ እለቀው ነበር» አለ። ሁሉም ሣቀ። እነሱም ሣቁ። ከዚያ ተጨባበጡ፤ ሲጨባበጡ ግን አንዱም የሌላውን ዓይን አላየም።

ሊማሊሞን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከደባርቅ ወደ ቆላ የሚወርድ ግድግዳ ነው፤ መንገዱ በጣሊያን ጊዜ የተጠረበ፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ፣ በአንድ ወገን ዐለት በአንድ ወገን ባዶ። መውረዱ ፍሬን ያነዳል፤ መውጣቱ ሞተር ያፈላል። ጭነት የያዘ መኪና ታች ከወንዙ ተነሥቶ ሳይቆም ደባርቅ ሊገባ አይችልም። ውሃው ይፈላል፣ ራዲያተሩ እንደ ድስት ይንፈቀፈቃል። ስለዚህ የዳገቱ ብልሃት መንዳቱ ብቻ አይደለም፤ የት ቆሜ ውሃ ላጠጣ፣ ምን ያህል ልቁም የሚለው ነው።

የአበልጁ ብልሃት የታወቀ ነው። ከዳገቱ ወገብ ላይ ሾላ ሥር ምንጭ አለ። እዚያ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል፣ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ደባርቅ አይቆምም። የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሱበት ቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይሰነጠቃልና ማቀዝቀዙ የግድ ነው። አንዴ ቆሞ፣ ጠጥቶ፣ ይሄዳል። ስለዚህም ግመል እንለዋለን።

ወንድሜ እንዲያ ማድረግ አይችልም። ሞተሪኖው ሞቷል። ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ነው፤ መለዋወጫ ደግሞ ከአገር ጠፍቷል። ስለዚህ የቀይዋ ሞተር አንዴ ከጠፋ ቁልቁል ተንከባልሎ ወይም ተገፍቶ ካልሆነ አይነሣም። ይህን ከተጠሪው ደብቆታል፤ ቢያውቅ መኪናዋን ከመንገድ አስወጥቶ ለሌሎች መለዋወጫ ያስፈታታት ነበር። ያለሷ ደግሞ ወንድሜ ምን ሊበላ?

ረዳቱ ስለሌለ እኔ እሆናለሁ አልኩት።

«አንቺ? እትዬ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ይሳቅ። ታኮ ማስገባት አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን ጭነት ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነው።»

ታኮ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚወሸቅ እንጨት ነው። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ሸክላ ድስት ከእሳት ላይ ሳለ ውሃ ቢጎድል ቀዝቃዛ አይጨመርበትም፣ ይሰነጠቃል፤ ሙቅ ነው የሚጨመረው። የመኪናውስ ሞተር? ጄሪካኖቹን ከሞተሩ አጠገብ ጥግ ላይ አሰርኩ፤ ዳገቱን እየወጣን ራሱ ሞተሩ ያሞቃቸዋል። ስንቆም ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ለብ ያለውን ውሃ ቀስ አድርጌ አፈሳለሁ፤ መጠበቅ የለም። ብዙ ጊዜ እንቆማለን፤ ግን እያንዳንዱ ማቆም ጎንጨት ብሎ ቀና እንደማለት ነው።

አበልጁ ይህን ሲሰማ፣ «ዶሮ!» አለ። «ውሃ በጠጣች ቁጥር ወደ ሰማይ የምታይ ዶሮ! በሉ እንግዲህ፣ ግመልና ዶሮ ዳገት ይውጡ።»

ቆላ ወርደን እኩል ጫንን። የሁለቱን ጭነት የጫኑት ሰዎች ራሳቸው በዓይናቸው ለክተው አመሳሰሉት። ጧት በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሁለቱ መኪኖች ወንዙ ዳር ጎን ለጎን ቆሙ። ወንድሜ መሪውን ይዞ ጣቶቹ አያርፉም፤ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። እኔ በመስኮቱ ራሴን አውጥቼ ጄሪካኖቹን አየሁ። ተቀመጥኩ። ደግሞ አየሁ።

«እትዬ፣ አንዴ ተቀመጪ!»

«አንተስ ጣትህን ተው!»

አበልጁ ከወዲያኛው መኪና ራሱን አወጣ። «ዶሮ፣ ተነሺ!» ብሎ ጮኸና ተነሣን።

በመጀመሪያው ዳገት እሱ ቀደመ። የእሱ ሞተር ጤነኛ ነው፣ ጎማውም ይሻላል። አቧራው ፊታችን ላይ ተደፋ። ወንድሜ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ኩርባ ላይ እንፋሎቱ ሲጀምር «አሁን!» አለኝ። ዘለልኩ። ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቅሁ፣ ሮጥኩ፣ በእርጥብ ጆንያ ክዳኑን ይዤ ከፈትኩ፤ እንፋሎቱ እንደ ተቆጣ ድመት ጮኸብኝ። ለብ ያለውን ውሃ ቀስ፣ ቀስ። ዘጋሁ። ታኮውን ነቀልኩ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር እየሮጥኩ ተንጠለጠልኩ።

«እሰይ!» አለ ወንድሜ። ከተነሣን የመጀመሪያ ፈገግታው ነበረ።

እንዲህ እያልን ወጣን። ቆም፣ ጎንጨት፣ ሂድ። ሾላው ምንጭ ስንደርስ አረንጓዴው ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ አበልጁ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። አጠገቡ ስናልፍ ዳቦውን ወደ እኛ አነሣ።

«ኩኩሉ!» ብሎ ጮኸ።

«ገና ሻኛህ ይጠማዋል!» ብዬ መለስኩለት። ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። የቀደምነው ሰው ማን እንደሆነ፣ መቅደማችንም ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ። ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ኖሮ መንገዱን ብቻ ያያል። ብንሸነፍ እናቴ። ብናሸንፍ የአበልጁ ሚስት።

ከላይኛው ኩርባዎች ላይ ጭጋግ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ጠርዝ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ስንመጣ ቀስ ብለው ይነሣሉ። ከሥራችን፣ ከሁለት ኩርባ በታች፣ የአረንጓዴው ድምፅ ተሰማ። ግመሉ ጠጥቶ ተነሥቷል።

«ሌላ አንቆምም» አለ ወንድሜ። «ይደርስብናል።»

«እየፈላ ነው።»

«ይፍላ!»

«ከፈላ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ እዚሁ ቀረህ። ቁም፤ ብዙ አላቆይህም!»

ቆመ። ዘለልኩ። ያን ጊዜ ችኮላዬ በዝቶ ጆንያውን በደንብ ሳላጥፍ ከፈትኩና እንፋሎቱ የእጄን ጀርባ ላጠው። ጠባሳው አሁንም አለ። ውሃውን ግን አልደፋሁም፤ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ታኮውን ስነቅል የአረንጓዴው አፍንጫ ከታችኛው ኩርባ ብቅ አለ። ተንጠለጠልኩ። ሄድን።

ከዚያ ዳገቱ ያልቃል። ገደሉ ያበቃና መንገዱ ጥቂት ሽቅብ እያለ በታጨደ የገብስ ማሳ መካከል ወደ ደባርቅ ይሄዳል። እዚህ የደረሰ መኪና ገባ ማለት ነው። ወንድሜ ማርሽ ቀየረ። «እትዬ» አለኝ፤ «ለእማዬ ምን ብለን እንነግራታለን?»

ፊት ለፊታችን መንገዱ ላይ ሰዎች አየሁ።

ሬሳ ነበር።

በእኛ አገር ሬሳ አይታለፍም። ባለ በቅሎ ከበቅሎው ይወርዳል፣ የጫነም ጭነቱን አስቁሞ ይከተላል። የቸኮለ መንገደኛ ጥቂት ሸኝቶ፣ ቄሱን አስፈቅዶ ነው የሚያልፈው። ሬሳም ራሱ በመንገዱ አንድ ጊዜ አይሄድም፤ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ምዕራፍ አለው። በየምዕራፉ ይወርዳል፣ ፍትሐቱ ይነበባል፣ ደግሞ ይነሣል። እነዚህ ገና ሁለተኛው ላይ ነበሩ።

ወንድሜ መኪናዋን አቆመ። በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ። ቄሱ ንባብ ጀምረዋል፤ የሞተራችን ድምፅ ግን ቃላቸውን እየዋጠው ነው።

«ወርደን እንቁም» አልኩት ቀስ ብዬ። «ጥቂት ሸኝተን እናልፋለን። ሞተሩን ብቻ አታጥፋው።»

«ከኋላቸው እንዲህ እየጮህኩባቸው?»

«ወንድም ዓለም፣ ካጠፋኸው አይነሣም። ታውቃለህ።»

መሪውን ያዘ። ለቀቀ። ያዘ። አሁንም ወደ ኋላ አየ። ከዚያ አጠፋው። ጸጥታው ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ ጆሮዬን አመመኝ።

ወረድን። ሟቿ ሽማግሌ ሴት ናቸው፣ በሰሌን ተጠቅልለው ቃሬዛ ላይ። ተሸካሚዎቹን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ሴት ናት፣ የሟቿ ምራት። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም ያኔ ነው ያየሁት። ወንዶቹ የት አሉ ብዬ አልጠየቅሁም። ወንዶቹ የት እንደሄዱ ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ቄሱ ወንድሜን አዩና፣ «ልጄ፣ መንገደኛ ነህ። እግዜር ይስጥህ፣ አክብረሃል፤ እለፍ» አሉት።

«እሺ፣ አባ» አለ። እሺ ብሎ ግን ወደ መኪናው አልሄደም። የሴትየዋን ትከሻ አየ፤ ይንቀጠቀጣል። ሄዶ፣ «አምጪ እህቴ» አለና ቃሬዛውን ተቀበላት።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አረንጓዴው ደረሰ። ከቀይዋ ኋላ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። አበልጁ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና እየሮጠ መጣ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ከአንዱ ሽማግሌ ትከሻ ሥር ገባ። ሁለቱ ፊትና ኋላ ሆነው ተሸከሙ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከጎን እሄዳለሁ።

«ዶሮ» አለ አበልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞተሩን ለምን አጠፋኸው?»

«አንተስ ለምን አጠፋህ?»

«የኔ ይነሣላ! ያንተ ሞተሪኖ እንደሞተ አላውቅም መሰለህ? ከተጠሪው በቀር አገር ያውቃል።»

«ዝም ብለህ ተሸከም።»

«ከብደዋል እናታችን።»

«ግመል አይደለህ?»

ቄሱ ዘወር አሉ። «እናንተ ልጆች! ሰው እየሸኘን ነው።»

«ይቅር ይበሉን፣ አባ» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

እኔ ግን ልቤ ሬሳው ጋር አልነበረም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዘወር እያልኩ መኪኖቹን አያለሁ። በየምዕራፉ ሬሳው ሲወርድ እኔ እቆጣለሁ፤ ሲነሣ እፈጥናለሁ፤ ሰው ይረግጠኛል፣ እኔም ሰው እረግጣለሁ። አምስተኛው። ስድስተኛው። ቀብሩ አልቆ አፈር ሲመለስ ሁለቱ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ምራትየዋን አጽናኑ፣ ወደ መኪኖቹ ተመለስን።

ወንድሜ ቀይዋ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው ነው የተቀመጠው። ወደ ኋላ ልንንከባለል አንችልም፤ ከኋላ አረንጓዴው አለ፣ ከእሱም ኋላ ገደሉ።

አበልጁ አረንጓዴውን አስነሣ። በታጨደው ማሳ በኩል ዞረ፤ ከጎናችን ሲያልፍ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ከፊታችን መንገድ ላይ ወጣ። ሄደ። የኋላ በሩን አየሁት፤ እየራቀ ነው። ወንድሜ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ። እኔ ወረድኩ፣ ለምን እንደወረድኩ አላውቅም፤ ታኮውን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩት፣ ደግሞ አነሣሁት።

አረንጓዴው ቆመ። ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ።

አበልጁ ወርዶ መጣ። «ሰንሰለትህን አምጣ።»

«ሂድ» አለ ወንድሜ ራሱን ሳያነሣ። «ቀድመሃል። ውላችን ነው፤ ሂድ።»

«አብሬህ ሬሳ ተሸክሜ ሜዳ ላይ ጥዬህ ልግባ? ደባርቅ ስገባ 'አበልጅህስ?' ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ቀድሜዋለሁ በል።»

«እትዬ፣ ሰንሰለቱ የት ነው?»

ሰንሰለቱን ከመቀመጫው ሥር ጎትቼ ሰጠሁት። አሰረ። ጎተተን። ወንድሜ ማርሽ አስገብቶ ለማስነሣት ሞከረ፤ ሽቅብ በእግር ርምጃ እየተጎተተች እንዴት ትነሣ? ቀይዋን አሳላትና ሰንሰለቱ ሊበጠስ ሲሆን ተወው። እንደ ታሰረ ፍየል ተጎትተን ደባርቅ ገባን።

ኬላው ላይ አገር ተሰብስቧል። ተጠሪው ገመዱ አጠገብ እጁን ከኋላ አድርጎ ቆሟል። መኪኖቹ ሲቆሙ ወንድሜ ቀድሞ ዘለለ።

«ቀድሞኛል፣ ጓድ። ሂያጁ እኔ ነኝ።»

«ውሸት ነው!» አለ አበልጁ። «ጎተትኩት እንጂ አልቀደምኩትም! እስከ ሬሳው ድረስ ቀዳሚው እሱ ነበር። እትዬን ጠይቁ! ሂያጁ እኔ ነኝ።»

«አፍንጫህ ቀድሞ ገመዱን ነካ!»

«በሰንሰለት ካሰርኩህ አንድ መኪና ነን!»

ሰው መሣቅ ጀመረ። «ለጦርነት የሚሻሙ ሰዎች!» አለ አንዱ። «ሁለታችሁም ሂዱና ተገላገሉ!» አለች አንዲት ጠላ ሻጭ። ተጠሪው ግን አልሣቀም። ሰንሰለቱን አየ። ቀይዋን ዞሮ አየ።

«ይቺ ለምን ተጎተተች?»

ሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«አስነሣት» አለው ወንድሜን።

ወንድሜ ቆሞ ቀረ። ተጠሪው ራሱ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ፤ ሌላ ምንም። ወረደ። ሄዶ መዳፉን በአረንጓዴው ሞተር ላይ አሳረፈ፤ ሰው በሬ ሲገዛ ታፋውን እንደሚመታው።

«ጦር ሜዳ ተጎታች አልልክም» አለ። «ይሄ ይሄዳል። ያቺ ትፈታለች።»

በቃ። ማን ቀደመ፣ ማን ዘገየ፣ አልጠየቀም። ዳገቱን ሁሉ፣ ውሃውን ሁሉ፣ የተላጠ እጄን ሁሉ አልጠየቀም።

ማሽላውን እዚያው አራገፉለትና አበልጁ በማግሥቱ ጧት ወታደሮች ጭኖ ወደ ሊማሊሞ ወረደ። ቁልቁል፣ በመጣንበት። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ኬላው ላይ ቆማለች። ወንድሜ እየሮጠ ከመኪናው ጎን ይሄዳል፤ ሰንሰለቱ አሁንም ከአረንጓዴው ኋላ ተንጠልጥሏል፣ ማንም አላወለቀውም።

«ሰንሰለቴ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። ሌላ የሚለው ስላጣ ነው።

«ስመለስ!» አለ አበልጁ ራሱን አውጥቶ። «ዶሮ፣ ስመለስ!»

ለእናቴ ዳባት ድረስ በእግሬ ሄጄ ነገርኳት። ልጇ መቅረቱን ሰምታ አመሰገነች፤ ከዚያ ደግሞ፣ «የሰው ልጅ ሄደልኝ ብዬ እንዴት ደስ ይበለኝ» አለች። እህል ግን ቀመሰች።

ቀይዋ ተፈታታች። ወንድሜ መሪውን ብቻ ለምኖ ቤቱ ወሰደና ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በበቅሎ እህል ወደ ጨነቅና ወደ አምባራስ ማመላለስ ጀመረ። በቅሎዎቹን ዳገት ላይ በየጥቂቱ ያስቆማቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፤ ሰዎች ይሥቁበታል። የአበልጁ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች፤ ለክርስትናዋ ወንድሜ በግ አርዶ ቤቷን ሞላላት። አልወቀሰችንም። ብትወቅሰን ይሻል ነበር። ብቻ በር ላይ ሳልፍ፣ «እትዬ፣ መኪና ሰማሽ?» ትለኛለች። በየቀኑ። «እትዬ፣ መኪና ሰማሽ?» ምንም ድምፅ በሌለበት ጊዜ እንኳ።

እኔም አለመቀመጡ ባሰብኝ። ከበፊቱ ይልቅ ዞርኩ። ቆላ ስወርድ በየመንገዱ የቆመ ሹፌር ሁሉ ጋ ሄጄ፣ «አረንጓዴ፣ ከኋላው ሰንሰለት የተንጠለጠለ አላያችሁም?» እላለሁ። አንዱ አየሁ ይለኛል፣ ሌላው ተቃጠለ ይለኛል፣ ሦስተኛው ሽንኩርቴን በርካሽ እንድሸጥለት አየሁ ይለኛል። ያንን ሁሉ ወሬ ይዤ እመጣና ለሚስቱ የምነግራትን እመርጣለሁ።

ደርግ በወደቀበት ሰሞን ከሰሜን የሚመለስ ወታደር ሊማሊሞን በእግሩ ይወጣ ነበር፤ አንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዱ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ። እኔ ኬላው አጠገብ ሽንኩርት ዘርግቻለሁ፤ ወንድሜ በቅሎ ይጭናል። አንድ ጢሙ የበዛ፣ ካፖርት ያጠለቀ ሰው ገመዱ ፊት ቆመ። ገመዱ ያን ጊዜ ወድቋል፣ የሚያነሣው የለም፤ ሰውየው ግን እንዳለ ሁሉ ፊቱ ቆመ።

ወንድሜ ቀና አለ። የጭነቱን ገመድ እንደያዘ ሄደ፣ ፊቱ ቆመ። ይህን ቃል ስንት ዘመን ሲለማመደው እንደኖረ እኔ አውቃለሁ፤ በቅሎ እየነዳ ለብቻው ሲለው ሰምቼዋለሁ።

«ሰንሰለቴስ?» አለው።

«አንተ ደግሞ!» አለ አበልጁ። «መኪናውን እንኳ ጥዬ የመጣሁ ሰውዬ...»

አልጨረሰውም። ወንድሜም አንገቱን አቅፎ አላስጨረሰውም።

ቤቱ አስገባነው። ሚስቱ እጅጌውን ይዛ አትለቅም፤ ልጅቱ ከእናቷ ኋላ ተደብቃ አባትሽ ነው የሚሏትን ሰው ታያለች። እግሩ ከመሰነጣጠቁ የተነሣ እንደ ደረቀ መሬት ሆኗል። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል። ሳፋውን አቀረብኩና ውሃ ለማፍሰስ ጎንበስ ስል አየኝ።

«እትዬ» አለ፣ «ቀዝቃዛ እንዳይሆን። ቴስታዬ ይሰነጠቃል።»

እሳት ላይ አሙቄ፣ በክንዴ ነክቼ፣ ለብ ማለቱን አይቼ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩለት። እያፈሰስኩ ሳለ ከኬላው በኩል አንድ ከባድ መኪና ዳገቱን ጨርሶ ማርሽ ቀየረ።

ወንድሜ፣ አበልጁና እኔ፣ ሦስታችንም እኩል ቀና አልን።